ካሜራ ይዞ፣ ብቻን፣ በብርድ ወራት ወደ ነፋሻማ ኬፕ መሄድ፦ ዝርዝር መመሪያ

መጀመሪያ ስለ ቃላቱ እንግባባ። ኬፕ የምለው መሬቱ እንደ አፍንጫ ሾሎ ባሕሩ ውስጥ የገባበትን ቦታ ነው። የብርድ ወራት ስል ደግሞ ዝናባማውን ክረምት ማለቴ አይደለም፤ ቀኑ የሚያጥርበትን፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባበትን ወቅት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በደቡቡ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ገደማ። ሌላው፣ "እናንተ" እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እዚያ ስትደርሱ ግን አንድ ሰው ናችሁ። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ካሜራው ዓይናችሁ ላይ ሲሆን ዓለም በሙሉ ትንሽ አራት ማዕዘን ይሆናል። ከጎን የሚመጣው ሞገድ አይታያችሁም። ከኋላ ያለው ገደል አይታያችሁም። ጣታችሁ መደንዘዙን እንኳን የምታውቁት ዘግይታችሁ ነው። ጓደኛ አብሯችሁ ቢሆን "ኧረ ተመለስ!" ብሎ ይጮሃል፣ ካልሰማችሁም ጃኬታችሁን ይጎትታል። ብቻችሁን ከሆናችሁ የሚጮኽ የለም። ስለዚህ ውሳኔውን የምትወስኑት ቤት ሆናችሁ፣ እጃችሁ ሞቆ፣ ጭንቅላታችሁ ረግቶ ሳለ ነው። እዚያ ስትደርሱ የሚቀራችሁ የራሳችሁን ትእዛዝ መፈጸም ብቻ ይሁን።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ከወንበር ሳይነሱ ማወቅ

የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ኬፑን አጥኑት። መንገዱ የት ያበቃል? ገደሉ በየት በኩል ነው? ጫፉ የሚያየው ወደ የት ነው? በዚያ ወር ፀሐይ የምትወጣውና የምትጠልቀው በየት አቅጣጫ ነው? ይህንን የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎች ሞልተዋል።

ኬፕ ለምን እንደዚህ እንደሚናወጥ ማወቅም ይጠቅማል። ነፋሱ ክፍት ባሕር ላይ የሚያቆመው ነገር የለም። መሬት ሲያጋጥመው በጫፉ ዙሪያና በአናቱ ላይ ተጨናንቆ ያልፋል፤ ሲጨናነቅ ይፈጥናል። ሞገዱም እንዲሁ ነው። ውሃው ጥልቀት ሲያጣ ሞገዱ ይዘገይና ይታጠፋል፣ ጉልበቱንም ከግራም ከቀኝም ሰብስቦ ጫፉ ላይ ያራግፈዋል። ጎንና ጎን ያሉት የታጠፉ ዳርቻዎች ግን ጸጥ ይላሉ። ይህ ሁለት ነገር ይነግራችኋል። አንደኛ፣ በአቅራቢያው ላለው ከተማ የተነገረው የአየር ትንበያ የኬፑ ትንበያ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጫፉ ላይ መቆም ሲያቅት ከጎን ካለው ዳርቻ ሆኖ ጫፉን ማንሳት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ፎቶው ከዚያ ነው የሚያምረው።

ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ባርቶሎሜዮ ዲያስ እ.ኤ.አ. በ1488 የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ሲዞር ቦታውን "የማዕበል ኬፕ" እንዳለው ይነገራል። መልካም ተስፋ የሚለው ስም በኋላ የተለጠፈ ነው። እዚያው አጠገብ ኬፕ ፖይንት ላይ ያለው የመብራት ማማ ታሪክ ደግሞ ለፎቶ አንሺ ትምህርት አለው። የመጀመሪያው ማማ በ1860 ገደማ ሥራ ሲጀምር ከባሕሩ በላይ ከ230 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነበር። ከፍ ካለ ከሩቅ ይታያል ተብሎ ነው። ጭጋጉና ደመናው ግን እዚያው አናቱ ላይ እየተኛ መብራቱን ደጋግሞ ሸፈነው። በ1911 ሉዚታኒያ የተባለ የፖርቱጋል መንገደኞች መርከብ እዚያው አለት ላይ ከተሰበረ በኋላ 87 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሌላ ማማ ተሠራ። ስለዚህ የኬፑ አናት በጭጋግ ተሸፍኖ ካገኛችሁት ተስፋ ቆርጣችሁ ወደ ቤት አትመለሱ፤ ትንሽ ወረድ በሉ፣ ከደመናው ሥር ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል።

ስለ ብርሃኑ። በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ከአድማስ 17 ዲግሪ አትደርስም። ቀኑም 8 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በ60 ዲግሪ ላይ 6 ሰዓት አይሞላም። ለፎቶ አንሺ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ቀኑ በሚረዝምበት ወቅት ጠዋትና ማታ ብቻ የሚገኘው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ቀኑን ሙሉ አለ። ክፋቱ፣ መሸ ሲባል መሸ ነው።

በመጨረሻ ሦስት ቦታ ምረጡ። ከዚያ አይብለጥ። አንድ ከላይ ራቅ ያለና አስተማማኝ፣ አንድ ከነፋስ የተከለለ፣ አንድ ደግሞ ባሕሩ ከፈቀደ ብቻ የምትወርዱበት ለውሃው ቀረብ ያለ። ሰባት ቦታ መርጦ የሄደ ሰው ሰባቱንም በጥድፊያ ነው የሚያነሳው።

ደረጃ 2፦ ነፋስ፣ ሞገድ፣ ሙላት

ቁጥር ለሚጠላ ሰው አዝናለሁ፣ ይህን ደረጃ መዝለል ግን አይቻልም።

ነፋስ። እ.ኤ.አ. በ1805 አየርላንድ የተወለደው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ፍራንሲስ ቦፎርት ነፋስን በዓይን ከሚታየው ነገር እየተነሳ በደረጃ ከፋፍሎታል፤ ዛሬም ይሠራበታል። የነፋስ ደረጃ 6 በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጃንጥላ መያዝ ያስቸግራል። ደረጃ 7 ከ50 እስከ 61 ነው፣ ነፋሱን ተጋፍቶ መራመድ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ደረጃ 8 ከ62 እስከ 74 ነው፤ እዚያ ላይ ፎቶው ይቅርና ቀጥ ብሎ መቆሙም ያጠራጥራል። ልብ በሉ፣ የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው ከ30 ወደ 60 ሲሄድ ነገሩ "ትንሽ ብሶ" የማይቀረው። ትንበያ ስታዩም አማካዩን ብቻ አትዩ። ገደል አፋፍ ላይ ሰው የሚጥለው ድንገተኛው ግፊት ነው፤ ለብቻው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

አቅጣጫውም የፍጥነቱን ያህል ወሳኝ ነው። ከባሕር ወደ መሬት የሚነፍስ ከሆነ ጨዋማው ብናኝ ሌንሳችሁ ላይ ይወርዳል። ከመሬት ወደ ባሕር ከሆነ ሌንሱ ይደርቃል፣ ግን የሚገፋችሁ ወደ ገደሉ ነው። ለፎቶ የማይገኝለት ይህ ሁለተኛው ነው፤ ከሞገዱ አናት ላይ ውሃውን እንደ ጸጉር ወደ ኋላ ያበጥረዋል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ቀን ከአፋፉ ራቅ ብላችሁ፣ ረጅም ሌንስ ገጥማችሁ፣ ከጎን አንሱ።

ብርዱንም ከነፋሱ ጋር አብራችሁ አስሉት። ቴርሞሜትሩ 0 ዲግሪ እያለ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ከሆነ የተጋለጠ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 7 ያህል ነው።

ሞገድ። ትንበያው "3 ሜትር" ሲል ከሁሉ የሚበልጠው ሞገድ 3 ሜትር ነው ማለት አይደለም። ከሚመጡት ሞገዶች ከፍ ከፍ ያሉት አንድ ሦስተኛው አማካይ ነው። ጥቂት ሰዓት ከቆማችሁ የዚህ እጥፍ የሚጠጋ ሞገድ ሊመጣ ይችላል። ከቁመቱ ይልቅ እኔ የምፈራው በሁለት ሞገዶች መካከል ያለውን ሰከንድ ነው። 6 ወይም 7 ሰከንድ ከሆነ ባሕሩ ይንጫጫል እንጂ ያን ያህል ሩቅ አይወጣም። 14 ወይም 16 ከሆነ ግን ከሩቅ የመጣ ከባድ ሞገድ ነው፤ መሬት ሲደርስ ብዙ ርቀት ይወጣል። እንዲህ ያለው ሞገድ በቡድን በቡድን ነው የሚመጣው። በመካከሉ ደቂቃዎች የሚቆይ ጸጥታ አለ። ሰው የሚታለለውም በዚያ ጸጥታ ነው፦ ወረድ ይላል፣ ካሜራውን ያቆማል፣ ጎንበስ ይላል። አይስላንድ ውስጥ ሬይኒስፍያራ በተባለው ጥቁር አሸዋማ ዳርቻ ጎብኚዎች በዚህ ዓይነት ሞገድ ተወስደው ሞተዋል።

ሙላት። በብዙ ቦታ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ሽሽት 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። በየቀኑም 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል፣ ስለዚህ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። ጨረቃ አዲስ ስትሆንና ሙሉ ስትሆን ሙላቱም ሽሽቱም ይበረታል። ሕጉ አጭር ነው። ወደ ታችኛው አለት የሚወረደው ባሕሩ እየሸሸ ሳለ ነው። መመለስ ከጀመረ መውረድ የለም፣ ብርሃኑ የፈለገውን ያህል ቢያምር።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ወደ ውሳኔ ቀይሩና ወረቀት ላይ ጻፉ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ "ድንገተኛው ግፊት ከ60 ካለፈ ቀኑን ለሌላ ጊዜ። ከ50 ካለፈ አፋፍ ላይ መቆም የለም። ሞገዱ ከ3 ሜትር፣ ልዩነቱ ከ13 ሰከንድ ከበለጠ ከላይ ብቻ።" የእናንተ ከዚህ ጠበቅ ሊል ይችላል። እዚያ ደርሳችሁ የምታላሉት ከሆነ ግን አትጻፉት።

ደረጃ 3፦ የሚያውቅ ሰው ይኑር

"ነገ ባሕር ልሄድ ነው" ማለት አይበቃም። ለአንድ ሰው እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ የምሄደው እዚህ ነው፣ መኪናው የሚቆመው እዚህ ነው፣ በእግር የምሄደው በዚህ መንገድ ነው፣ እስከዚህ ሰዓት እመለሳለሁ፣ እስከዚህ ሰዓት ካልጻፍኩልህ ለነፍስ አድን ደውል። የስልክ ቁጥሩን ራሱ ጻፉለት፤ ደንግጦ መፈለግ የለበትም። ኬፕ ላይ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዱት።

ፊሽካም ያዙ፣ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ጃኬቱ ላይ ታስሮ። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ነፍቶ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ ከዚያ መድገም፣ ተራራ ወጪዎች የሚያውቁት የእርዳታ ጥሪ ነው። በነፋስ ውስጥ ድምፃችሁ አሥር ሜትር እንኳን ላይሄድ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ልብስ

የተራማጅ ብርድና የፎቶ አንሺ ብርድ አንድ አይደለም። ተራማጅ ሲንቀሳቀስ ይሞቃል። እናንተ ግን አንድ ቦታ አርባ ደቂቃ ትቆማላችሁ። ስለዚህ ለእግር ጉዞ ከምትለብሱት አንድ ድርብ ጨምሩ፣ ግን ስትሄዱ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ስትቆሙ ነው የምትለብሱት። በላብ ርሶ ነፋስ ውስጥ መቆም ከባድ ቅጣት ነው።

ከሥር ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ጨርቅ። ጥጥ አይሆንም፣ ከረጠበ አይደርቅም። መሀል ላይ የሚያሞቅ። ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ። ጓንት ሁለት፦ ቀጭኑ ከሥር፣ ወፍራሙ ከላይ፣ ወፍራሙ በገመድ ከእጅጌው ጋር የታሰረ። አንድ ጓንት በነፋስ ሲሄድ ቆማችሁ ከማየት ሌላ ምርጫ የለም፤ ልትከተሉት ካሰባችሁ ደግሞ ወደ የት እየሄደ እንደሆነ አስቡ። ረጅም የአንገት ልብስ አትጠምጥሙ፣ የፎቶው ሁሉ ጥግ ላይ እሱ ነው የሚታየው። ጫማው ሶሉ የሚቆነጥጥ ይሁን። ትኩስ ነገር በፔርሙስ ያዙ፤ ዋናው ጥቅሙ ለጣት ነው።

ደረጃ 5፦ ቦርሳው

አንድ ካሜራ፣ ቢበዛ ሁለት ሌንስ። እኔ ከ24 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሚዘልቅ ዙም ገጥሜ እሄዳለሁ፣ ከ70 እስከ 200 የሚሄደውን ቦርሳ ውስጥ አደርጋለሁ። አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ረጅሙን እይዛለሁ። ሰፊ ሌንስ "ቅረብ ቅረብ" ይላል፤ ረጅሙ ከላይ ሆናችሁ ሞገዱን ያመጣላችኋል።

ባትሪ ሦስት፣ ሁለቱ በውስጥ ኪስ፣ ሰውነት አጠገብ። ብርድ ባትሪን ያደክመዋል እንጂ አይገድለውም፤ አለቀ ያላችሁትን ኪስ ውስጥ አሙቁትና መልሱት፣ ጥቂት ፎቶ ይሰጣችኋል። የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ አምስት፣ እያንዳንዱ በየራሱ ፌስታል። ለምን አምስት? አንዴ ጨው የነካ ጨርቅ ከዚያ በኋላ ጨው ከማዳረስ ሌላ ሥራ የለውም። ትንሽ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ። አየር መንፊያ። የሌንስ መከላከያ ፊልተር፣ እዚህ ቦታ ላይ ክርክር የለውም። ካሜራውን የሚሸፍን ወፍራም ፌስታልና ሁለት የላስቲክ ቀለበት፤ ዝናብ መከላከያ ተብሎ ከሚሸጠው ብዙም አይለይም። የግንባር መብራት። ደረቅ ካልሲ።

ድሮን እቤት ይቆይ። ወጥቶ የማይመለስበት ቀን ይህ ነው።

ደረጃ 6፦ ስትደርሱ፣ 20 ደቂቃ ካሜራ አትንኩ

መኪናውን አፍንጫው ወደ ነፋሱ አዙራችሁ አቁሙ። ነፋሱ ከኋላ ከመጣ በሩን ስትከፍቱት ከእጃችሁ መንጭቆ ማጠፊያውን ያጣምመዋል። ሁለት በር ባንድ ጊዜ አትክፈቱ፣ ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ ባሕር ይገባል።

ከዚያ ከላይ፣ ከአስተማማኙ ቦታ ቆማችሁ ባሕሩን ብቻ ተመልከቱ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ከሁሉ የበለጠው ሞገድ የት ደረሰ? የትኛው አለት እርጥብ ነው፣ የትኛው ደረቅ? እርጥብ አለት ማለት ውሃ የሚደርስበት አለት ማለት ነው፤ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በዓይናችሁ መስመር አስምሩ፦ "ከዚያ ቢጫ ድንጋይ ወዲያ አልሄድም።" አጥር ወይም ማስጠንቀቂያ ካለማ መስመሩ ተሰምሯል፤ የአፋፉ ሣር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ሃያ ደቂቃው የደኅንነት ብቻ አይደለም፤ ፎቶውም የሚገኘው እዚህ ነው። ሞገዱ የት እንደሚሰበር፣ አረፋው በየት ተመልሶ እንደሚወርድ፣ ብርሃኑ በየት ስንጥቅ እንደሚገባ ታያላችሁ። ዘልሎ ካሜራ ያወጣ ሰው ይህን የሚያገኘው ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወዲያ ነው።

ስልካችሁ ላይ በየ20 ደቂቃው የሚንቀጠቀጥ ማንቂያ ሙሉ። የመመለሻውን ሰዓት ለብቻው። አብሯችሁ ያልመጣው ጓደኛ እሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ካሜራውን ማቆም

ትራይፖድ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ፣ ዝቅ ይበል። የመሀሉን ምሰሶ አታንሱት፣ ቀጫጭኖቹን የታች እግሮች አትዘርጉ፣ እግሮቹን ሰፋ አድርጓቸው። ቦርሳ ማንጠልጠል ጥሩ ነው፣ ግን መሬት ይንካ፤ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ነፋሱ ያወዛውዘውና ካሜራውን አብሮ ያንቀጠቅጠዋል። የካሜራውን ማንገቻ ፍቱት፣ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ያነቃንቀዋል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ራሳችሁ ቁሙ፣ ሰውነታችሁ ግድግዳ ይሁን። እጃችሁ ከትራይፖዱ አይራቅ። እኔ አንድ ጊዜ ጓንቴን ላወጣ ዞር ብዬ ነው የወደቀብኝ፤ ሦስት ሰከንድ አይሞላም።

ነፋስ ይተነፍሳል። ይነሳል፣ ይረግባል። ረገብ ሲል ጠብቁና የማንሻውን ቁልፍ ንኩት፣ ያንኑ ፎቶ አምስት ስድስት ጊዜ ድገሙት፣ አንዱ ጥርት ብሎ ይወጣል። በእጅ ከሆነ የምታነሱት ተቀመጡ ወይም ተንበርከኩ፣ ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ ለጥፉ።

ደረጃ 8፦ ማንሳት

ሞገድ ሲፈነዳ ለማስቀረት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) በራሱ እስከ 1600 ወይም 3200 ይሂድ። ለጥራት ብላችሁ አይኤስኦ 100 ላይ ሙጭጭ አትበሉ። ተከታታይ አንሺውን ክፈቱ። ሞገዱን ቁጠሩ፣ ከባዶቹ የሚመጡት በቡድን ስለሆነ የመጀመሪያውን ስታዩ ተዘጋጁ።

ውሃው አለቱ ላይ ጅራት እየጎተተ ሲመለስ ለማንሳት ከ1/4 እስከ 1 ሰከንድ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሞገዱ ሲመጣ ስለሚነካ ነው። ሲመለስ ነው መንካት። ብርሃኑ ከበዛ 3 ወይም 6 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ ግጠሙ፤ አንድ ስቶፕ ሲቀንስ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል።

አሥር ስቶፕ የሚቀንሰውስ? ብርሃኑን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይቀንሰዋል፣ 1/30 የነበረው ወደ 30 ሰከንድ ይሄዳል። ባሕሩም ወተት ይመስላል። በነፋስ 30 ሰከንድ ሳይነቃነቅ የሚቆም ትራይፖድ ብርቅ ነው፤ ይህ አንድ ነገር። ሌላው የእኔ አስተያየት ነው፦ ያን ሁሉ መንገድ የሄዳችሁት ለሚናወጥ ባሕር ከሆነ ለምን እንደ ኩሬ ታስተኙታላችሁ?

ነጩ አረፋ እንዳይቃጠል ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) ከአንድ ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ቀንሱ፣ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ፣ በሮው (ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ። የጨለመውን ቤት ገብታችሁ ማብራት ትችላላችሁ። የተቃጠለ ነጭ አይመለስም። ብናኙ ሲበዛ ካሜራው ፎከስ ያጣል፤ አንድ ጥርት ያለ የአለት ጠርዝ ላይ ፎከስ አድርጉና ወደ እጅ ቀይሩት።

አሁን ስለ ዋናው ነገር። ነፋስ አይታይም። የሚታየው የነካው ነው። የተጋደመ ሣር፣ ክንፏን ዘርግታ አንድ ቦታ ላይ የቆመች ወፍ፣ ከሞገድ አናት የተገነጠለ ብናኝ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከብናኙ ኋላ ስትሆን ብናኙ ራሱ ይበራል፤ ፀሐይዋን ከአለት ወይም ከማማ ጀርባ ደብቋት። የሞገዱ ትልቅነትም አብሮት የሚለካ ነገር ከሌለ አይታወቅም። ስድስት ሜትር ሞገድ ብቻውን ሲነሳ የገንዳ ውሃ ይመስላል። የመብራት ማማ፣ የአጥር ምሰሶ፣ ወፍ፣ የሆነ ነገር ጎኑ ይግባ።

ሌንሱን በየአምስት ፎቶው እዩት። መጀመሪያ በአየር ንፉት፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ የነካ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። የደረቀ ጨው ጠጣር ነው፣ ሳትነፉና ሳታረጥቡ ከፈተጋችሁት ይጭራል። የጃኬት እጅጌ ክልክል ነው። በማታነሱበት ጊዜ ክዳኑ ይገጠም፣ ካሜራው ጀርባውን ለነፋስ ይስጥ።

ሌንስ መቀየር መኪና ውስጥ ብቻ። አንድ ጊዜ አለት ተከልዬ ቀየርኩ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። ቤት ገብቼ ሳይ ሁለት መቶ በሚያህሉ ፎቶዎች ሰማይ ላይ፣ ያው ቦታ፣ ያው ግራጫ ነጠብጣብ። ጨው ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ አርፎ ነበር።

ደረጃ 9፦ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ

በየ20 ደቂቃው ካሜራውን ከዓይናችሁ አውርዱና ሦስት ነገር ጠይቁ። ባሕሩ የት ደርሷል? የቀኑ ብርሃን ስንት ሰዓት ቀረው? ጣቴ ዚፕ ይዘጋል? ዚፑ እምቢ ካለ ጨዋታው አብቅቷል፣ ወደ መኪና። ጮክ ብላችሁም አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ የሚሰማችሁ ስለሌለ አትፈሩ። አፋችሁ ከተኮላተፈ ወይም እግራችሁ እየተሰናከለ ከሆነ ብርዱ ከቆዳ አልፏል።

ባሕሩ አጠገብ ሆናችሁ ጀርባ አትስጡት። ክዳን፣ ፊልተር፣ ቦርሳም ቢሆን ውሃ ከወሰደው ሄደ በሉት። ካሜራ ይገዛል። ምናልባት እናንተው ውሃ ውስጥ ከገባችሁ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት ክፉዋ፤ ቅዝቃዜው ትንፋሽ ያስቋርጣል። በዚያች ደቂቃ ለመዋኘት አትታገሉ፣ በጀርባችሁ ተንሳፋችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እጅ የሚታዘዘው አሥር ደቂቃ ያህል ነው፣ ለመውጣት የምትጠቀሙባት እሷን ነው።

ደረጃ 10፦ መመለስ

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ቆንጆ ነው፣ እንቅ አድርጎም ይይዛል። ከመኪናው አጠገብ ሆናችሁ አንሱት። የአፋፉ መንገድ በጨለማ የሚሄዱበት አይደለም።

ቤት ከመግባታችሁ በፊት ሜሞሪ ካርዱንና ባትሪውን አውጡ፣ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አድርጉና አፉን እሰሩ። ብርድ የበላው ካሜራ ሞቃት ክፍል ሲገባ ውጪውም ውስጡም ላብ ያወጣል። ፌስታል ውስጥ ከሆነ የሚያልበው ፌስታሉ ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። ካርዱ እጃችሁ ላይ ስለሆነ ፎቶውን ለማየት ካሜራውን መክፈት አያስፈልጋችሁም፤ ካልወጣ ግን ትከፍቱታላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

ከሞቀ በኋላ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠቅላላ ጥረጉት፣ ቁልፎቹን፣ የሌንሱን ቀለበት፣ የባትሪውን በር። ትራይፖዱን እግር በእግር ዘርግታችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡትና እንደተዘረጋ ይደር። አጥፋችሁ ካስቀመጣችሁት አሸዋና ጨዉ ውስጡ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍቱት እንደ ወፍጮ ይጮሃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መልእክቱ። አንድ ጊዜ ደክሞኝ ገብቼ፣ ትኩስ ነገር ጠጥቼ፣ ስልኩን ሳልነካ ተኛሁ። ወዳጄ የነገርኩት ሰዓት ሲያልፍ ልክ እንደተስማማነው ነፍስ አድን ጠራ። ሰዎች በዚያ ነፋስ መብራት ይዘው ባዶ መኪና ማቆሚያ ሲዞሩ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ። ይቅርታ ለማን ለማን እንደጠየቅኩ አልናገርም። አሁን ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ ካሜራው እንደሆነ ፌስታሉ ውስጥ ገና ብዙ ይቆያል።